ደረጃው የማን ነው?

በነርስነት ሳገለግል ሕመምተኛው ነበር ወደ እኔ የሚመጣው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ እየወጣሁ የጎረቤት ደም ግፊት የምለካው እኔ ነኝ። ነርስ ስለ ቤት ሰነድ ምን አገባት እንዳትሉኝ፤ ያገባኝ በዚሁ በደረጃው በኩል ነው።

ባለፈው ክረምት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩትን አባት ስትሮክ መታቸው። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ልጆቻቸው በወንበር ተሸክመው ሲያወርዷቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መንገድ አጡ። እዚያ ያለው ጎረቤታችን ከበሩ ፊት ያለውን ቦታ በብረት አጥሮ የጫማ መደርደሪያና የከሰል ጆንያ አስቀምጦበታል፤ ወንበሩ አልዞር አለ። ስትሮክ ደግሞ ፋታ አይሰጥም፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስን ይፈልጋል። ብረቱን በዲጂኖ አላቅቀው ነው ያለፉት።

በማግስቱ ጎረቤታችን ተቆጣ። «እኔ ካርታ አለኝ!» አለ። ስንቱ ሰው እንዲህ ይላል መሰላችሁ! በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 ግን የኮንዶሚኒየም ባለቤትነትን ሁለት መልክ ይሰጠዋል። አንዱ በግል የያዝነው ቤት ነው፤ ሌላው ከሁሉም ጋር ያለን የጋራ ድርሻ። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ጣሪያው የጋራ ናቸው። ድርሻችን ከቤታችን ተነጥሎ አይሸጥም፤ «ይቺ ጥግ የእኔ ናት» ተብሎም አይታጠርም። የግሉ የት አብቅቶ የጋራው የት እንደሚጀምር የሚያሳየው ሕንፃው ሲመዘገብ የገባው ሰነድና ፕላኑ ነው። የተፈቀደውንና የተከለከለውን፣ የወጪ መዋጮውንም ነገር የምታገኙት በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ነው። ቤቱን የያዘ ሁሉ ደግሞ ወደደም ጠላም የማኅበሩ አባል ነው።

የእኛ ደንብ በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ተገኘ። ፎቶኮፒ አድርገን በየቤቱ አዳረስን። ብረቱ በሳምንቱ ተነሣ፤ ሰላምታው ለመመለስ ግን ወራት ወሰደበት።

ለልጆቻችሁ ኮንዶሚኒየም ልትገዙ የምታስቡ ወላጆች፣ ካርታውን ብቻ አይታችሁ ቀብድ አትክፈሉ። ደንቡን አስወጥታችሁ አንብቡ፤ ሻጩ ያልከፈለው መዋጮ እንደሌለበትም ከማኅበሩ በደብዳቤ ጠይቁ። ቤቱ ከመንግሥት በዕጣ የደረሰ ከሆነ የአምስት ዓመቱ የመሸጥ ገደብ ማለፉን አረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ አያዘናጋችሁ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው የሚባለው፤ የጋራ ቤት ለመሸጥም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ሲፈረም ባልም ሚስትም ይገኙ። አንደኛው ውጭ አገር ከሆነ፣ ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ ይጠቅስ እንደሆነ ቃል በቃል አንብቡት።