ከፍለው የሚወዳደሩ ደንበኞች

በአብዛኛው ስፖርት ተወዳዳሪው ይከፈለዋል። ኤስአርኦ የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጃቸው የስፖርት መኪና ውድድሮች ግን ብዙ ጊዜ ከፋዩ መሪውን የጨበጠው ሰው ነው። ሳምንቱን ድርጅቱን ሲመራ የሰነበተ ባለሀብት ቅዳሜና እሁድ የራስ ቁሩን ያጠልቅና ከባለሙያ አሽከርካሪ ጋር በአንድ መኪና እየተፈራረቀ ይወዳደራል።

መሥራቹ ፈረንሳዊው ስቴፋን ራቴል ይህን ደንበኛ ጠንቅቆ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቬንቱሪ ለተባለችው የፈረንሳይ ስፖርት መኪና ባለቤቶች ውድድር አዘጋጀ። በ1994 ደግሞ ከዩርገን ባርትና ከፓትሪክ ፒተር ጋር ሆኖ በሦስቱ ስም መነሻ ፊደላት ቢፒአር የተባለውን ተከታታይ ውድድር ጀመረ። ማክላረን ኤፍ1 ለመንገድ እንጂ ለውድድር አልታሰበችም ነበር፤ ወደዚህ ሜዳ የጎተቷት የገዟት ሰዎች ናቸው። በ1995 የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈች። ራቴል ኤስአርኦን ያቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው።

ስኬቱ ግን መዘዝ አመጣ። በ1997 ውድድሩ በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሥር ሲገባ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ተሰለፉ። መርሴዲስ ለስሙ የመንገድ መኪና፣ በተግባር ግን ለውድድር የተሠራች ሲኤልኬ ጂቲአር ይዞ መጣ። በ1998 የዓመቱን ውድድሮች አንድም ሳያስቀር ጠራርጎ ወሰደ። ታዲያ ለመሸነፍ ማን ገንዘቡን ያወጣል? ተፎካካሪዎቹ ገሸሽ አሉ፤ በ1999 ከፍተኛው ምድብ ጭራሹን ቀረ።

ድርጅቱን ያሳደገው ሐሳብ የተወለደው በ2006 ነው፦ ጂቲ3። ፋብሪካው መኪናውን ሠርቶ ለግል ቡድኖች ይሸጣል፤ አዘጋጆቹ ደግሞ የመኪኖቹን አቅም ያመጣጥናሉ። ፈጠን ያለችው መኪና ክብደት ይጨመርባታል፤ ተሳፋሪ ሊቀመጥበት በሚችለው በኩል፣ ወለሉ ላይ ብረት ይታሰርባታል። ወይም ወደ ሞተሯ የሚገባው አየር ይቀነሳል፣ ተርቦ ካላት ግፊቱ ዝቅ ይደረጋል። በዚህ ዘዴ ሞተሩ ከኋላ የሆነው ፖርሽና ሞተሩ ከፊት የሆነው መርሴዲስ ቤልጂየም ባለው በሰባት ኪሎ ሜትሩ የስፓ መም ላይ አንገት ለአንገት ይተናነቃሉ። ጎበዙን መሐንዲስ መቅጣት ነው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን 1998ን ያየ ሰው ቅጣቱን የሚመርጥ ይመስለኛል።

ራቴልም ቢሆን ሁሌ አልቀናውም። በ2010 የጀመረው ጂቲ1 የተባለ የዓለም ሻምፒዮና ከባለሀብቶቹ ይልቅ በባለሙያ አሽከርካሪዎች ላይ ያተኮረ ነበርና ከሦስት ዓመት በላይ አልዘለቀም። በዚያው ሰሞን፣ በ2011፣ በጂቲ3 የተጀመረው የአውሮፓ የረጅም ርቀት ውድድር ግን እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ወደ እስያ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ተስፋፋ፤ አቅሙ ለማይፈቅድለት ደግሞ ቀለል ያለ ጂቲ4 አለው። በ2016 አህጉራትን የሚያገናኝ ውድድር ጀመረ፤ በ2019ም ጆሃንስበርግ አጠገብ ያለው የኪያላሚ የዘጠኝ ሰዓት ውድድር ተመልሶ የዚሁ ውድድር መዝጊያ ሆነ።

ሌሎችም የጂቲ3ን ደንብ ወሰዱ። የጀርመኑ የመኪና ውድድር ዲቲኤም በ2021 ወደ ጂቲ3 ዞረ። ለዓመታት የራሱን ምድብ ይዞ የቆየው ሌማንም በ2024 ጂቲ3ን አስገባ፤ ከየመኪናው ሦስት አሽከርካሪዎች ቢያንስ አንዱ የነሐስ ደረጃ ያለው፣ ማለትም አማተር፣ እንዲሆንም ግዴታ አደረገ።