አሸንዳ ስታጸዱ እንዳትረጥቡ፣ እንደ ቆርቆሮ ልበሱ

ክረምት ሲቃረብ ወረታ ውስጥ መሰላል ይፈለጋል። ወደ አዲስ ዘመንና ጣራ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳርም እንደዚያው ነው። አሸንዳው በጋውን ሙሉ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ሲሰበስብ ከርሟል። ካልጸዳ የሐምሌ ዝናብ መውረጃውን ትቶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። ፎገራ ደግሞ ሜዳ ነው፣ የወረደ ውሃ ቶሎ አይሄድም።

ሥራው ብዙ ጊዜ ለወጣት ነው የሚሰጠው። ጎማ ውሃ ወይም የላቫጆ ማሽን ይዞ ይወጣል፣ በስብሶ ይወርዳል። "ሥራው ውሃ ነው፣ መርጠብ ምን ችግር አለው?" የሚል አይጠፋም።

ችግርማ አለው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የረጠበ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። የቀዘቀዘ እጅ ደግሞ መሰላል አጥብቆ አይዝም። ከሁሉም የሚብሰው ግን የረጠበ ቆዳ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ማሳለፉ ነው። ቤታችን የሚገባው መስመር 220 ቮልት ነው!

🔹 አለባበስ

ቆርቆሮ ሲመታ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል። እረኛ የሚለብሰው የሣር ገሳም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እናንተም እንደዚያ ልበሱ፦

• የዝናብ ልብሱ ሱሪ ከቦቲ ጫማው ውጪ ይሁን። ሱሪውን ቦቲው ውስጥ ከከተታችሁት ውሃው እግራችሁ ላይ ይጠራቀማል።
• እጃችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትሠሩ እጅጌው ከጓንቱ በላይ ይደረብ።
• እጃችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ ነገሩ ይገለበጣል። እጅጌውን ጓንቱ ውስጥ አስገቡና የጓንቱን አፍ ወደ ውጪ እጠፉት። ወደ ብብት የሚወርደውን ውሃ እጥፋቱ ይይዘዋል።
• ላስቲክ ላብ አያስወጣም። ከውስጥም መርጠብ አለና በየመሃሉ አረፍ በሉ፣ አንገቱን ክፈቱት። ደረቅ ቲሸርትና ካልሲ ታች ይጠብቃችሁ።

🔹 አሠራር

መጀመሪያ በደረቁ! ቅጠሉን በእጅ ወይም በትንሽ አካፋ አንሱ። ውሃ የሚያስፈልገው ለተረፈው ጭቃ ብቻ ነው። ከመውረጃው ቱቦ ከሩቁ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ቱቦው ግፉት። ቱቦው ከተዘጋ ከሥሩ ቆማችሁ አትጎርጉሩ፣ የታቆረው ሁሉ እናንተ ላይ ነው የሚወርደው።

ግድግዳ ስታጥቡ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጉ። ውሃውን ፊት ለፊት ከመታችሁት ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው፤ ሰያፍ አድርጋችሁ ርጩ። ጣራ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ነው። ወደ ላይ ከረጫችሁ ውሃው በቆርቆሮው ድርብ ገብቶ ቤት ውስጥ ይንጠባጠባል።

የግፊት ማሽን ይዛችሁ መሰላል ላይ አትውጡ፣ ወደ ኋላ ይገፋችኋል። ግፊቱ ቆዳም ይበሳል። ቀዳዳው ትንሽ ቢመስልም ውስጡ ሊጎዳ ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

🔹 ኤሌክትሪክ

ከፖል ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ብዙ ጊዜ ጣራው ጫፍ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ልክ አሸንዳው አጠገብ። የተላጠ ገመድ ቆርቆሮ ከነካ ቤቱ በሙሉ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ፦

• ከመውጣታችሁ በፊት ገመዱን በዓይን ፈልጉት። ቆጣሪው ጋ ማጥፋት ከዚያ በፊት ያለውን ገመድ አያጠፋም። ወደ ገመዱ ውሃ አትርጩ፣ የብረት መሰላልም አታስጠጉ። ተልጦ ካያችሁት ሥራውን ተዉትና ለመብራት ኃይል ይነገር።
• የማሽኑ ሶኬትና ማራዘሚያ መሬት ላይ አይተኛ፣ ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ይሁን።
• በ30 ሚሊአምፒር የሚያጠፋ የሰው መከላከያ ብሬከር ያለበት መስመር ተጠቀሙ።
• ነጎድጓድ ከሰማችሁ ውረዱ። አሸንዳው ነገም አለ።

አንድ ሰው በያዘው ኤሌክትሪክ ላይ በእጅ አይደረስም፤ መጀመሪያ መስመሩ ይጥፋ።

አሠሪ ከሆናችሁ ደግሞ ዋጋ ስትነጋገሩ ቦቲና ጓንት መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ አቅርቡ። ይህን ሥራ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።