የልጅ ልብ ቫልቭ ለምን በጠቦት ላይ ይሞከራል?

ከደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግረው፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ከሚላኩት ልጆች አንዳንዶቹ ሕመሙ አብሯቸው የተወለደ ነው። ሌሎቹን ያመማቸው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰውነት ጉሮሮ ያሳመመውን ባክቴሪያ ሲዋጋ የገዛ ራሱን የልብ ቫልቮች ይጎዳል፤ ሐኪሞች ሪውማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህንን ነው።

ቫልቭ ደምን ወደፊት አሳልፎ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ስስ በር ነው። ልብ አራት አለው። ቫልቩ ጠባሳ ይዞት በደንብ መክፈት ወይም መዝጋት ሲያቅተው፣ መጠገንም ካልተቻለ፣ ይቀየራል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የብረት ቫልቭ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ግን ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ያስውጣል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይደማል፤ ስለዚህ በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ከጮቄ ተራራ ሥር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቫልቩ የተተከለላት ልጅ አድጋ ስታረግዝም ዋርፋሪን ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከአሳማ ቫልቭ ወይም ከላም የልብ ሽፋን የሚሠራው ደግሞ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም፤ በልጆች ላይ ግን ካልሲየም ቶሎ ይጋገርበትና ይደርቃል። (አሳማ በማይበላበት ቤት፣ ቫልቩ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም።) ሁለቱም ዓይነት ቫልቮች ከልጁ ጋር አያድጉም።

ጠቦት የሚፈለገው ለዚህ ነው። የጠቦት ልብ መጠን ከሰው ልብ ብዙም አይርቅም፤ በማደግ ላይ ስላለም ካልሲየም በሰውነቱ ውስጥ በፍጥነት ይንቀሳቀሳል። በሰው ላይ ዓመታት የሚፈጀው መድረቅ በእሱ ላይ በጥቂት ወራት ይታያል። ተመራማሪዎች እንስሳውን አደንዝዘው ቫልቩን ይተክላሉ፣ በአልትራሳውንድ ይከታተሉታል፣ በመጨረሻም አውጥተው ይመረምሩታል። በጠቦት ልብ ውስጥ ቶሎ የተበላሸን ቫልቭ ወደ ልጅ ልብ ማስገባት ለእኔ ድፍረት ነው።

ቫልቩ ማደጉን ለማየት ደግሞ ቶሎ ክብደት የሚጨምሩት የአሳማ ግልገሎችም ያገለግላሉ። ሕያው ቫልቭ ከሌላ ልብ ተወስዶ ሲተከል አብሮ ያድግ እንደሆነ በእነሱ ላይ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ለአንድ አራስ ሕፃን ከለጋሽ ልብ የተወሰዱ ሕያው ቫልቮች ተተከሉለት፤ ከልጁም ጋር አደጉ። ይህ ግን የሞተ ለጋሽ ልብና ሰውነት የተተከለውን እንዳይገፋ የሚከለክል መድኃኒት ይጠይቃል። በእኛ አገር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሕያው ዘመድ ስለሆነ፣ ለልብ ቫልቭ መንገድ አይከፍትም።

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው ለእኛ የሚቀርብ ይመስለኛል። ከበግ ቆዳ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ቱቦ አሳድገው፣ ሕዋሳቱን አጥበው አስወግደው፣ በቀረው ሕብረ ሕዋስ ቫልቭ ሠርተው በጠቦቶች ላይ ተከሉ። የጠቦቶቹ ሕዋሳት ገብተው ሰፈሩበት፤ ቫልቩም አብሮ አደገ። ሕዋስ ስለሌለው ሰውነት እንዳይገፋው የሚሰጠውን መድኃኒት አይጠይቅም፣ ሊቀመጥና ሊጓጓዝም ይችላል ተብሎ ይታሰባል።

ጠቦት ግን ሁሉን አይመልስም። የሚተከልበት ልብ ጤነኛ ነው፤ በሪውማቲክ ሕመም ጠባሳ የያዘው አይደለም። ኪኒን አይረሳም፣ ለክትትል መንገድም አይርቀውም። እነዚህን የሚለካ ጥናት በሰው ላይ፣ እንደ ጎጃም ባለ ቦታ መደረግ አለበት። እስከዚያው ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ላለበትም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ አለማቋረጥ በእጃችን ያለ መከላከያ ነው።