ስታቢላይዘር መግዛት ብቻውን ዕቃ አያድንም

ወላይታ ሶዶ በኤሌክትሪክ ረገድ ስሟ የሚነሳ ከተማ ነች። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ 3 ማመንጫ ኃይሉን ወደዚሁ ከተማ ማከፋፈያ ጣቢያ ይልካል። ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለጎረቤት አገር ኃይል ማቅረብ ጀምሯል። ይሁንና የትልቅ መስመር መነሻ መሆን በየቤቱ ሶኬት የተስተካከለ 220 ቮልት አለ ማለት አይደለም።

ቤት የሚደርሰው ኃይል በየሰፈሩ በተተከለ ትራንስፎርመር በኩል የሚያልፍ ነው። ቤቱ ከትራንስፎርመሩ ሲርቅ፣ ሽቦው ሲቀጥን፣ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት በየቤቱ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ለቅጽበት ከልክ በላይ ሊዘል ይችላል። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ እንደመሆኗ ለሆቴል፣ ለካፌና ለኳስ ማሳያ ቤት ገንዘቡን ያፈሰሰ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል። በኃይል መዋዠቅ የተቃጠለ ዕቃ በአብዛኛው በሻጭ ዋስትና አይሸፈንምና ኪሳራው የገዢው ነው።

የትኛው ዕቃ ይፈልገዋል?

በቅድሚያ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ዕቃው የቮልቴጅ መውረድን ራሱ ይችላል፤ የሚያስፈራው የድንገተኛ ዝላይ ነው። «220 ቮልት» ብቻ የሚል በትራንስፎርመር የሚሠራ አምፕሊፋየር ግን ቮልቴጅ ሲወርድ ድምፁ ይደክማል፣ ይበላሻል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የ120 ቮልት ዕቃ የሚያስፈልገው ስታቢላይዘር ሳይሆን ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው። በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

ስታቢላይዘር ኃይል እንደማያጠራቅምም ማወቅ ያሻል። ጨዋታው መሐል ላይ መብራት ከሄደ ስክሪኑም አብሮ ይጠፋል። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው ባትሪ ያለው ዩ.ፒ.ኤስ. ነው።

አቅሙ እንዴት ይሰላል?

ለአብነት ቴሌቪዥኑ 150፣ ሪሲቨሩ 30፣ አምፕሊፋየሩ 320 ዋት ቢስቡ ድምሩ 500 ዋት ይሆናል። ስታቢላይዘር የሚሸጠው በቮልት አምፔር ስለሆነ 500ን ለ0.8 ስናካፍል 625 እናገኛለን። ግብዓቱ 220 ሲሆን 500 ዋት የሚስበው 2.3 አምፔር ያህል ነው። ወደ 160 ሲወርድ ግን 3.1 አምፔር ይደርሳል። ሸክሙ የሚከብደው መስመሩ በደከመበት ሰዓት ነው ማለት ነው። በመሆኑም ለዚህ ቤት የ1 ሺህ ቮልት አምፔሩን መግዛት ያዋጣል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ ከመግዛት ስንት ቮልት ድረስ እንደሚቀበል መጠየቅም ብልህነት ነው።

አገናኙ

ቅደም ተከተሉ ከግድግዳ ሶኬት ወደ ስታቢላይዘር፣ ከስታቢላይዘር ወደ አንድ ዲቫይደር፣ ከዲቫይደሩ ወደ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና አምፕሊፋየር ነው። ቴሌቪዥኑ ከአንድ ግድግዳ፣ አምፕሊፋየሩ ከሌላ ግድግዳ ሲሰኩ በመሬት ሽቦዎቹ መካከል በሚፈጠር ልዩነት ስፒከሩ እምም የሚል ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ፍሪጅና ምጣድ በዚህ ስታቢላይዘር ላይ ፈጽሞ መጨመር የለባቸውም።

ሲከፈት ስታቢላይዘሩ ይቀድማል፤ 220 አካባቢ ሲያሳይ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየር ይከፈታል። ሲዘጋ አምፕሊፋየሩ ይቅደም። መብራት ከሄደ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመሬት ሽቦውን ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ከመሬት ጋር በትክክል ካልተገናኘ ዝላይ መከላከያው ትርፉን ኃይል ወደ መሬት መላክ አይችልም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለች በዚህች ከተማ ክረምት ሲገባ መብረቅ በዲሽ ገመድ በኩልም ሊመጣ ይችላል። ስታቢላይዘር ያንን መንገድ አይዘጋውም። ደመናው ሲያጉረመርም የግድግዳውንም የዲሹንም ገመድ መንቀል ብቸኛው አስተማማኝ መድኅን ነው።

የገንዘቡ ነገር

ሒሳቡ የኢንሹራንስ ሒሳብ ነው። የስታቢላይዘሩ ዋጋ የዕቃዎቹ አንድ አሥረኛ ከሆነ፣ በአገልግሎት ዘመኑ ከአሥር ቤቶች ከአንዱ በላይ ከመቃጠል ካዳነ ወጪው ተመልሷል። ለኳስ ማሳያ ቤት የሚታጣው የመግቢያ ገቢም ሲደመር ሚዛኑ ይበልጥ ወደ መግዛት ያደላል። ቴሌቪዥኑ «100–240» የሚል ብቻውን የቆመ ቤተሰብ ግን ለትልቅ ስታቢላይዘር ከሚያወጣው ብር ቀንሶ የመሬት ሽቦውን ቢያስጠግንና ጥሩ የዝላይ መከላከያ ቢገዛ ይሻለዋል። ነጋዴውም ሁለቱን ለይቶ ቢሸጥ ደንበኛውን አያጣም።