በአውሮፓ የሚኖሩ አፍሪካውያንና የአባላዘር በሽታ ምርመራ

ዘመድዎ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባዎ ወደ ለንደን ወይም ወደ ፓሪስ ሲሄድ የሽኝቱ ምክር ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራውና ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ነው። ስለ አባላዘር በሽታ መናገር ግን ነውር ስለሚመስለን ዝም እንላለን። ዛሬ ዝም ስለተባለበት ነገር ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ኤች አይ ቪ በአውሮፓ የተገኘበት አፍሪካዊ በሽታውን ከአገሩ ይዞት እንደ ሄደ አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። በፓሪስና በአካባቢዋ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የተደረገው «ፓርኩር» የተባለ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ይኸውም ከሰሐራ በስተደቡብ ካሉ አገሮች ሄደው ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል፣ እጅግ በተጠነቀቀው ስሌት ከመቶ 35ቱ፣ በመካከለኛው ስሌት ደግሞ 49ኙ የተያዙት ፈረንሳይ ከገቡ በኋላ መሆኑ ነው። ከአደጋውም ጋራ ተያይዘው የተገኙት የመኖሪያ ፈቃድ ማጣትና የተረጋጋ ማደሪያ ማጣት ናቸው። መጠጊያ ያጣች ሴት ካስጠጋት ሰው ጋራ ስለ ኮንዶም ለመከራከር ምን አቅም አላት? እንግዲህ «ከአገሬ ስወጣ ተመርምሬአለሁ» የሚል ሰው የያዘው ወረቀት ለዚያን ጊዜው እንጂ ለዛሬው ምስክር አይሆንም።

ሌላም ስሕተት አለ። ለስኳር ወይም ለደም ማነስ ደሙን የሰጠ ሰው ሁሉ ነገር የታየለት ይመስለዋል፤ ሐኪሙም ዝም ሲል «ደኅና ነኝ» ብሎ ይሄዳል። ላቦራቶሪ ግን የሚመረምረው የታዘዘለትን ብቻ ነው። ቂጥኝ በደም ሲታወቅ፣ ጨብጥና ክላሚዲያ የሚታወቁት በሽንት ወይም ከአካል በሚወሰድ ናሙና ነው። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ሴትን መካን ሊያደርግ ይችላል።

ቀኑም ይቆጠር። በእንግሊዝ አገር መመሪያ መሠረት በላቦራቶሪ የሚደረገው የኤች አይ ቪ ምርመራ አስተማማኝ መልስ የሚሰጠው ከተጠረጠረው ግንኙነት 45 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ 3 ወር ያስጠብቃል። ወዲያው የደነገጠ ሰው ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል።

«ወረቀት የለኝምና ቢይዙኝስ፣ ገንዘብስ ከየት ላምጣ?» የሚለው ሥጋት ብዙዎችን ያስቀራል። በእንግሊዝ አገር ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ የኤች አይ ቪ ሕክምና የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ሰው እንኳ ያለ ክፍያ ይሰጣል። በፈረንሳይም ስም ሳይጠይቁ በነፃ የሚመረምሩ ጣቢያዎች አሉ። አስተርጓሚው ያገር ልጅ ከሆነ ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይደርሳል የሚለውን ፍርሃት ከንቱ ነው ብለን አናቃልለውም፤ ስለዚህ የተቸገረው ሰው አስተርጓሚው በስልክ እንዲሆንለት፣ ስሙም እንዳይነገር ይጠይቅ።

ቫይረሱ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰና በዚያው ከጸና፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም።