ለሃምሳ አራት ዓመት ጉልበት የሚሆን ሳይክል

አጎቴ ሳይክል ሊገዛ እንደሆነ ሲናገር ቤቱ መጀመሪያ በሳቅ፣ ቀጥሎ በቁጣ ተሞላ። ባለቤቱ ሁለተኛውን ቡና ልትቀዳ ያነሳችውን ጀበና መልሳ አስቀመጠችና «አምና የተሰበረው እጅህ አልበቃህም?» አለችው። መልስ አልሰጣትም። ወደ እኔ ዞር ብሎ «አንተ ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርከው? ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ዳግመኛ እንዳልሸወድ ጠብቀኝ» አለኝ።

«ዳግመኛ» ያለበት ምክንያት አለው። አምና ክረምት ሊገባ ሲል፣ ፊትም ኋላም ሾክ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ሳይክል ገዝቶ ነበር። የገዛበትን ሱቅ ስም አልጠራም። ሦስት ወር ሳይሞላው ከመሪው ሥር ያለው ብየዳ ተሰነጠቀና ቁልቁለት ላይ ጣለው። የግራ እጁ አንጓ ተሰብሮ አርባ ቀን ገደማ በጄሶ ታሰረ። መምህር ነው፤ በቀኙ ስለሚጽፍ ክፍል መግባቱን አላቆመም። ቤት ውስጥ ግን «ሳይክል» የሚለው ቃል ነውር ሆኖ ከረመ።

ታዲያ ለምን እንደገና? አንደኛ፣ ሐኪሙ «ስኳርህ ወደ ላይ እያለ ነው፣ ተንቀሳቀስ» ብሎታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ አጎቴ ደግሞ «በእግሬ ስሄድ ሰው እያቆመ ሰላም ይለኛል፣ መቼ ላበኝ?» ባይ ነው። ሁለተኛ፣ የባጃጅ ሒሳብ ነው፤ ባጃጅ ጨርሶ የማይገኝባቸው ቀናትም አሉ። ሦስተኛውን አይናገረውም እንጂ እኔ አውቀዋለሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ገና ጀማሪ መምህር ሳለ ዳባት ላይ ፊኒክስ ነበረችው። ባለ 28 ኢንች ጎማ፣ ወደ 20 ኪሎ የምትመዝን፣ ፍሬኗ በብረት ዘንግ የሚሳብ የቻይና ሳይክል። በወገራ ሜዳ፣ የገብሱን ማሳ ግራና ቀኝ አድርጎ በእሷ ሲነዳ የነበረበትን ዘመን ሲያወራ ፊቱ ሌላ ሰው ይሆናል።

ቅዳሜ ያገለገሉ ሳይክሎች የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄድን። ከውጭ በኮንቴይነር የገቡ ሃያ ያህል ሳይክሎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አጎቴ አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዝቅ ያለ፣ አጭር፣ ጥቁር፣ ወፍራም አሉሚኒየም ፍሬም ያለው ነው። እግሩን ያለ ችግር አሻገረ፤ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ረገጡ። ሻጩም ነገሩ ገባውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከፎቅ ቢወድቅ አይሰበርም» አለው። ብየዳ ተሰንጥቆበት ለወደቀ ሰው ከዚህ የበለጠ ማባበያ የለም።

ሻጩ አልዋሸም። ሳይክሉ ዲርት ጃምፕ የሚባለው ዓይነት ነበር። ወጣቶች የአፈር ጉብታ ሠርተው በአየር ላይ የሚዘሉበት ነው፤ አባቱ ከአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሳው ቢኤምኤክስ ነው። ከሁለት ሜትር ከፍታ ሲያርፍ እንዲችል ስለሚሠራ ፍሬሙ እውነትም ጠንካራ ነው። ነገር ግን የአንድ ዕቃ ጥንካሬ የሚለካው ከተሠራበት ሥራ ጋር ነው። ዲርት ጃምፕ ደግሞ ተቀምጠው እንዲነዱት አልተሠራም፤ ዝላይ ላይ ሁልጊዜ ቆመህ ነው። መቀመጫው ጌጥ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ያየሁትን ልዘርዝር። አንድ፣ ማርሽ የለውም። ፊት 25 ጥርስ፣ ኋላ 12 ጥርስ፣ በቃ። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። 25ን ለ12 አካፍላችሁ በዚያ ብታባዙት፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ 4.3 ሜትር መሄድ አለበት። ጉልበት እንዳይጎዳ በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል ማዞር ቢፈለግ ፍጥነቱ በሰዓት 15.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጎንደር ዳገት! ከዚያ በታች ከዘገየ እያንዳንዱ ርግጫ ከባድ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ጉልበት ነው። በአንጻሩ ባለ 21 ማርሽ ተራ የተራራ ሳይክል ትንሹ የፊት ጥርስ 28፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 28 ከሆነ፣ አንድ ዙር 2.07 ሜትር ብቻ ነው። በዚያው 60 ዙር በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር እየሄዱ፣ ጉልበቱን ከግማሽ በታች ጫና አሸክመው ዳገቱን ይወጡታል።

ሁለት፣ ፍሬን ያለው ኋላ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ዲርት ጃምፖች እንዲህ ናቸው፤ ለሚዘል ልጅ ይበቃዋል። ቁልቁለት ላይ ግን የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የያዘ ሰው ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ቁልቁለት ያልሆነ መንገድ ካለ ዳገት ነው።

ሦስት፣ መቀመጫው። ትክክለኛ ከፍታ ማወቂያው ቀላል ነው፦ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ጉልበት በየዙሩ ከመጠን በላይ ይታጠፋል። የዲርት ጃምፕ ፍሬም አጭር ስለሆነ ለአጎቴ ቁመት መቀመጫውን ሽቅብ ስንስበው፣ ዘንጉ ላይ «ከዚህ አታስወጣ» የሚለው ምልክት ብቅ አለ። ከምልክቱ በላይ ከወጣ ፍሬሙ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ስናገር አጎቴ በትዕግሥት ሰማኝና «አንተ ወረቀት ላይ ነው የምትነዳው» አለኝ። ልክ ነው። እንግዲህ ወደ መንገድ። ሻጩ መታወቂያችንን ይዞ ሳይክሉን ሰጠን፤ እየገፋን ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወረድን። ከዚያ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ጀመረ። መጀመሪያ ቆሞ ረገጠ፤ ኩራቱ ከኋላ ያስታውቃል። መቶ ሜትር አልሞላም። ወረደ። ግራ እጁን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆመ። አጠገቡ ስደርስ «ልጅ ሆኜ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ያቺን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔም አንድ ነገር የገባኝ እዚያ ላይ ነው። አጎቴ በዚያ ሳይክል የወደደው ነገር ስህተት አልነበረም። ዝቅ ያለ ፍሬም ይፈልጋል፤ ወገቡ እንደ ድሮው ስለማይታዘዝለት የፊኒክስን ከፍ ያለ ብረት እግሩን አሻግሮ መውጣት አይችልም። የማይሰበር ነገርም ይፈልጋል፤ ከሃምሳ በኋላ አጥንት ይሳሳል፣ ሲሰበርም መጠገኑ ጊዜ ይወስዳል። ፍላጎቱ ልክ ነው፤ ሁለቱንም አሟልቶ ዳገት የሚወጣ ሌላ ሳይክል መፈለግ ነው የቀረን።

ተመልሰን ግድግዳውን እንደገና አየን። መጨረሻ ላይ የቀረው ቀለሙ የለቀቀ፣ የብረት ፍሬም፣ ባለ 21 ማርሽ፣ ባለ 26 ኢንች የተራራ ሳይክል ነው። የላይኛው ብረቱ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ስለሆነ እግር ለማሻገር አያስቸግርም። የኋላ ሾክ የለውም፤ ይህም ጥሩ ነው። በርካሽ ሳይክል ላይ የኋላ ሾክ ክብደት ይጨምራል፣ በርግጫው የምታወጡትን ጉልበት ይበላል፣ የሚበላሽ መገጣጠሚያም ያበዛል። ለኮብልስቶን የተሻለው መድኃኒት ሰፋ ያለ ጎማ፣ ነፋሱም ከመጠን በላይ ያልተወጠረ ነው።

የፈተሽነውን እነግራችኋለሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። ፍሬሙን ከመሪው ሥርና ከፔዳሉ ዘንግ ዙሪያ በጨርቅ ጠርገን በስልክ መብራት አየን፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከቀለም ሥር እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ይጀምራል። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጥርጣሬ ይግባችሁ። የፊት ፍሬኑን ይዘን ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዝነው፤ ከተንኳኳ ኩሽኔታው ልል ነው ወይም አልቋል። ጎማዎቹን አንስተን አሽከረከርን፤ ቸርኬው ሲወላገድ ዓይን ያየዋል። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለካን፤ ሃያ አራት ፒን በአዲስ ሰንሰለት ላይ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 30.8 ከደረሰ አብቅቶለታል። የኛው አብቅቶለት ነበር፤ ለመከራከሪያ ጠቀመን።

ዋጋው ከዲርት ጃምፑ በሲሶ ያህል ይቀንስ ነበር። በትርፉ አዲስ ሰንሰለት፣ የፍሬን ሽቦና ጎማ፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ የራስ ቁር ገዛን። አጎቴ ግን መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ «ያንን የተሰነጠቀውንስ ለምን አናስበይደውም? ያን ሁሉ ብር አውጥቼበት!» የሁለት ወር ተኩል ደመወዙን ነው ያወጣበት። እዚህ ላይ ነው ትምህርቴ የሠራው። የወጣ ብር ወጥቷል፤ ዛሬ የምንወስነው ነገር እሱን አይመልሰውም። መጠየቅ ያለብን «ምን ያህል አውጥቼበታለሁ?» ሳይሆን «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር ምን ያስከፍለኛል?» ነው። በድጋሚ የተበየደ የሳይክል አንገት ሊያስከፍል የሚችለውን ደግሞ አምና አይተነዋል። ጎማዎቹንና ማርሹን ለመለዋወጫ አስቀረን፤ ፍሬሙ ለቁርጥራጭ ብረት ሄደ።

ለመለዋወጫ ማስቀመጡ ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ሳይክል ስትመርጡ የሳይክሉን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ዕቃው ሲያልቅ ጎሚስታው ዘንድ ይገኛል ወይ በሉ። በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ያማረ ነገር ነው፤ ዘይቱና መሣሪያው በማይገኝበት ከተማ ግን አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በሽቦ የሚሳብ ፍሬንን ማንም ሳይክል ሠሪ በአሥር ደቂቃ ያስተካክለዋል።

ማታ ቤት ስንደርስ የጠበቀን ሁለተኛው ድርድር ነበር። ባለቤቱ የራስ ቁሩን በእጇ አገላብጣ አየችና ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፦ ያለዚህ ከግቢ አትወጣም፤ ከመሸ አትነዳም። ፈረመ ማለት ይቻላል። እኔም ለማስታረቅ ብዬ የሮበርት ማርሻንን ታሪክ አወራሁላቸው። ፈረንሳዊው ማርሻን በጥር 2017 እ.ኤ.አ.፣ በ105 ዓመቱ፣ በአንድ ሰዓት 22.547 ኪሎ ሜትር ነድቷል። አጎቴ «እሱ እኮ ቤት ውስጥ፣ ጠፍጣፋ ላይ ነው። ማራኪን ወጥቶ ያሳየኝ» አለ። ከዚያ ስለ ገረመው ደንቦባ ተነሳ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው አንዱ ነው። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለ ሩጫው ብቻ ነው። ፀጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሳይክል የሰው አገር ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ይኸው አራት ወር ሆነው። አጎቴ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዘዞ ይወርዳል፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲመለስ ያው ዳገት ይጠብቀዋል። በትንሹ ማርሽ፣ ቀስ እያለ፣ ከሚራመድ ሰው እምብዛም ሳይፈጥን ይወጣዋል። ሁለት ቦታ ላይ ወርዶ ይገፋል። ተማሪዎቹ አይተው ሲስቁበት «የምገፋው ሳይክሉ ደክሞት ነው» ይላቸዋል። የስኳር ምርመራው የሚቀጥለው ወር ነው፤ ውጤቱን አብረን እናያለን። ጉልበቱን ግን እስካሁን አላመመውም።

ባለፈው ሳምንት ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባን ስለ ኮሶዬ ጠየቀኝ። ከጎንደር በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሽቅብ። «ትችላለህ ብለህ ታስባለህ ጋሼ?» አልኩት። «ኮሶዬን ከቻልኩ አምባ ጊዮርጊስ ቅርብ ነው» አለ፤ «አምባ ጊዮርጊስ ከደረስኩ ደግሞ ወገራ ሜዳ ነው፣ ዳባት ድረስ ነው የምሄደው።» ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ጨመረበት፦ «መንገዱ ሰላም ሲሆን ነዋ።» ባለቤቱ ከውስጥ ሆና ሰምታ ነበር። የዚያን ቀን አልተቆጣችም። «በል እስከዚያ ጉልበትህን ጠብቅ» ብቻ አለችው።