የቤት አሻሻጭ እንጀራ በዋሽንግተን ዙሪያ

አድራሻው «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ» የሚል ቤት ሁሉ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ አይደለም። ፖስታ ቤቱ በዚህ ስም የሚጠራው አካባቢ ከከተማው ወሰን አልፎ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ርቆ ይሄዳል። እዚያ ያለ ቤት የንብረት ግብሩ የሚከፈለው ለካውንቲው ነው፤ ልጆቹም የሚማሩት በካውንቲው ትምህርት ቤት ነው። ፎልስ ቸርችም እንደዚሁ ነው። ትንሿ ከተማ የራሷ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ በስሟ ፖስታ የሚደርሳቸው ብዙ ቤቶች ግን ከወሰኗ ውጭ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግማ ጭራሽ የራሷ ከንቲባ እንኳን የላትም፤ በሞንጎምሪ ካውንቲ ሥር ያለች ሰፊ አካባቢ ናት።

«ኤጀንት ብሆን ያዋጣኛል?» ለምትሉኝ ወዳጆቼ መልሴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ በአንድ የሰርግ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የቤት ኤጀንት ቢገጥማችሁ አይግረማችሁ። ቤት ማሳየት ሁሉም ይችላል፤ ፎቶውንና ዋጋውን ገዢው ራሱ በስልኩ ቀድሞ አይቶታል። ገዢው በስልኩ የማያገኘውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እንጀራው ያለውም እዚያ ላይ ነው።

መግቢያው ጠባብ አይደለም፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የሚጠይቁት የ60 ሰዓት ትምህርትና ፈተና ነው። ፈቃዱን ያገኘ ሰው ግን ብቻውን መሥራት አይችልም። በአንድ ብሮከር ሥር መግባት አለበት፤ ኮሚሽኑም መጀመሪያ የሚገባው ለብሮከሩ ነው። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። በ600,000 ዶላር የተሸጠ ቤት ላይ ለገዢው ኤጀንት 2.5 በመቶ ቢከፈል 15,000 ዶላር ነው። ብሮከሩ 30 በመቶውን ቢወስድ 10,500 ይቀራል። ከዚያ የገቢ ግብር አለ። ኤጀንቱ አሠሪ ስለሌለው፣ ደሞዝተኛው ከቀጣሪው ጋር የሚካፈለውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 በመቶ ሙሉውን የሚከፍለው እሱ ነው። የኤምኤልኤስ (ኤጀንቶች የሚሸጡ ቤቶችን የሚመዘግቡበት የጋራ መረጃ ቋት) ክፍያ፣ የማኅበር መዋጮ፣ ቤንዚን ይከተላሉ። ሦስት ቅዳሜ ሲዞር ከርሞ ሳይገዛ የጠፋው ደንበኛማ ከሂሳቡም አይገባ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ሳይዙ የቀን ሥራን መተው ጀግንነት አይባልም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ከፍሬድሪክ እስከ ውድብሪጅ እሠራለሁ» የሚል ጀማሪ አንዱንም አያውቀውም። የሚያዋጣው አራት መቶ ያህል ቤት ያለበትን አንድ ሰፈር መርጦ ማጥናት ነው። ከመቶው አምስቱ በዓመት ቢሸጥ ሃያ ሽያጭ ነው፤ ከሃያው አራቱ በእጁ ካለፉ ጥሩ መነሻ አገኘ። ማጥናት ስል ግን መንገዱን ማወቅ ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የተሠሩ ታውንሃውሶች ውስጥ ፖሊቡቲሊን የሚባል ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ሊኖር ይችላል። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ከጊዜ ብዛት ግን ውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን እየበላው ይሰነጠቅና ቤት ያጥለቀልቃል። ሰፈሩን ያጠና ኤጀንት፣ ደንበኛው የኩሽናውን ግራናይት ሲያደንቅ እሱ ቤዝመንት ወርዶ በውሃ ማሞቂያው ዙሪያ የስልኩን መብራት እያበራ ነው። ግራጫውን ካየ፣ ማስቀየሪያው ስንት እንደሚፈጅ ኦፈር ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል።

ራዶንም አለላችሁ። ከመሬት የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ለሳንባ ካንሰር የሚዳርግ ጋዝ ነው። በሞንጎምሪ ካውንቲ ከ2016 ወዲህ አንድ ራሱን የቻለ ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ ግዴታ ሆኗል። በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኪዩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ማስተካከል ይመከራል። ጀማሪው ይህን ቁጥር ሲያይ ይደነግጣል፣ ደንበኛውንም ያስደነግጣል። የሚያውቀው ግን ጋዙን በቱቦና በፋን ወደ ውጭ ማስወጣት እንደሚቻል ያስረዳና ሻጩ እንዲያሠራው ይጠይቃል።

አሁን ወደ ፍልሚያው። ቤቱ ሐሙስ ገበያ ላይ ወጣ፣ ቅዳሜና እሁድ ኦፕን ሃውስ ተደረገ፣ ሰኞ ማታ ኦፈር መቀበያው ይዘጋል። ደንበኛችሁ 550,000 ዶላር አቀረበ፤ አብሮም «ሌላ ሰው ከበለጠኝ በእሱ ላይ 5,000 እጨምራለሁ፣ እስከ 580,000 ድረስ» የሚል አንቀጽ አስገባ። ሌላኛው 565,000 ካለ የእናንተ ሰው ወዲያውኑ 570,000 ላይ ይቆማል። ደስ ይላል አይደል? ቆዩማ። ባንኩ የላከው ገማች ቤቱ 555,000 ነው የሚያወጣው ካለ ባንኩ የሚያበድረው በዚያ ልክ ነው። የ15,000 ልዩነት ከገዢው ኪስ ይወጣል፣ ከዳውን ፔይመንቱ ሌላ ማለት ነው። ስለዚህ ቀልጣፋ ኤጀንት ያንን አንቀጽ ከመጻፉ በፊት «ከዳውን ፔይመንቱ ሌላ በእጅህ ስንት አለ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ጥያቄው ያሳፍራል ብሎ የተወው ሰው በኋላ የሚያሳፍረው ይብሳል።

ዋጋ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አያሸንፍም። እኔን ከዚህ ሥራ በጣም የሚያስደንቀኝ ወደ ሻጩ ኤጀንት የሚደረገው አጭር ስልክ ነው፦ «ባለቤቶቹን ምን ቢደረግላቸው ይመቻቸዋል?» ምናልባት ልጃቸው ትምህርቷን በሰኔ እስክትጨርስ እዚያው መቆየት ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ገዢው ክሎዚንግ ካደረገ በኋላ ሻጮቹ ለጥቂት ሳምንታት ተከራይተው እንዲቆዩ ውል ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከ60 ቀን አያልፍም፤ ሊኖርበት ብሎ የተበደረ ገዢ በ60 ቀን ውስጥ እንዲገባ አበዳሪው ስለሚጠይቅ ነው። በአምስት ሺህ ዶላር የሚያንስ ኦፈር በዚህ ምክንያት ሊያሸንፍ ይችላል። ጥያቄው ቀላል ሆኖ ሳለ ፎርሙን በኢሜይል ልኮ ዝም የሚለው ኤጀንት ብዛቱ!

ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። የአሜሪካ የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር በኮሚሽን ጉዳይ ተከስሶ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማማ በኋላ፣ ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ ኤጀንቱ ለገዢ ቤት ከማሳየቱ በፊት በጽሑፍ ውል መግባት አለበት። ክፍያውም ስንት እንደሆነ እዚያው ላይ ይጻፋል። እናቶቻችን ፊት ይህን ወረቀት አውጡና እዩት፦ «እንዴ ልጄ፣ ገና ቤቱን ሳላይ ምኑን ልፈርምልህ?» እውነታቸውን ነው። ቃል በቃል ከማንበብ ይልቅ «እትዬ፣ ይሄ ለዚህ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ ካልተመቸሁዎት ሰኞ ነፃ ነዎት» ብሎ የአጭር ጊዜ ውል ማቅረብ ይቻላል። የስድስት ወር ውል በመጀመሪያው ቀን ማስፈረም የሚፈልገውን ሰው እኔም አላምነውም።

ከወገን ጋር መሥራት ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ፈልግልኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ኤጀንት ሰውን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ለይቶ ወደ አንድ ሰፈር እንዳይመራ ይከለክላል፤ ጠያቂውም መሪውም ሐበሻ መሆናቸው ነገሩን አይለውጠውም። ታዲያ ዝም ይበል ወይ? አይደለም። «የሚሄዱበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አድራሻ ይስጡኝ፣ በመኪና ከስንት ደቂቃ እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ?» ይላል።

ሁለተኛው የዘመድ ድርሻ ነው። አዲስ አበባ ቤቱን የጠቆመም፣ ገዢውን ያመጣም፣ መሀል ላይ የቆመም ድለላ ይጠብቃል። እዚህ ግን ፈቃድ ለሌለው የአጎት ልጅ ደንበኛ ስላመጣ ከኮሚሽን መቁረጥ አይቻልም። ሞርጌጅ ሰጪውም «ሰው ስለላክልኝ» ብሎ ለኤጀንቱ በፖስታ ገንዘብ ቢያቀብል በ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ሁለቱም ይጠየቃሉ። የአጎት ልጅ ይቀየማል፤ ይቀየም። ፈቃድ ከማጣት ይሻላል።

ቁልፍ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ኤጀንት ይጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሜሪላንድ የሚኖሩበትን ቤት የገዙ ሰዎች የሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት የሚባል መብት አላቸው፤ ለግብር የሚያዘው የቤቱ ግምት በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገድባል። ግን በራሱ አይመጣም፣ አንድ ጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ሳያመለክት የሚቀር አለ። በስቴቱ የንብረት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብቶ ማመልከቻው መግባት አለመግባቱን ማየት ይቻላል። ባለፈው ዓመት ያገዛቸውን ደንበኞች ዝርዝር ይዞ አንድ ከሰዓት የሚቀመጥ ኤጀንት ሁሉንም ያጣራል። ያልገባለት ካለ ይደውላል። ስልኩን ያነሳው ሰው ከምስጋናው ቀጥሎ «እግረ መንገድህን፣ እህቴ ቤት እየፈለገች ነው» ቢል፣ ለዚያች ደንበኛ አንድ ዶላር ማስታወቂያ አልወጣባትም።